ማን ሞተበት?

እናቴ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ልትጠይቀኝ በመጣች በሁለተኛው ቀን ላይኛው ፎቅ ያለው ጎረቤቴ ትሮምቦን የሚባለውን የናስ መለከቱን መንፋት ጀመረ። «ምነው፣ በሬ አስገቡ እንዴ?» አለች። የሙዚቃ ተማሪ ነው፣ ለፈተና እየተለማመደ ነው አልኳት። «ታዲያ ለምን ያቃስታል?»

እውነቷን ነው፣ ያቃስታል። የሚለማመደው ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሉቺያኖ ቤሪዮ እ.ኤ.አ. በ1966 ለትሮምቦን ብቻ የጻፈውን፣ ሴኩዌንዛ 5 የሚባለውን ሙዚቃ ነው። ተጫዋቹ እየነፋ በዚያው አፉ እንዲዘፍን፣ አየር ሲስብ እንኳ ድምፅ እንዲያወጣ፣ በአንድ እጁ ቱቦውን እየገፋና እየሳበ በሌላው የትሮምቦኑን አፍ በብረት ማፈኛ እንዲከፍትና እንዲዘጋ ታዟል። እኔ ቡና እያማሰልኩ ስልክ ማውራት ያቅተኛል።

የቤቱ ደንብ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መንፋት ስለሚከለክል ልጁ ሰዓቱ ሲሞላ ዜማው መሃል ላይም ቢሆን ጥርቅም ያደርገዋል፣ ልክ እንደ ሰፈራችን መብራት። እናቴ ግን አሞት ነው ብላ ድፎ ዳቦ ላከችለት። እሱም በምላሹ ሁለት የመግቢያ ትኬት በራችን ሥር አሾለከልን።

በዝግጅቱ ምሽት ልጁ ጭራ ባለው ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ክራባት አስሮ መድረክ ላይ ወጣ። ሙዚቃው ግሮክ ለተባለ ስዊዘርላንዳዊ የሰርከስ ቀልደኛ መታሰቢያ ነው። ሰውየው ቤሪዮ ልጅ እያለ ጣሊያን፣ ኦኔሊያ ውስጥ ጎረቤቱ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች ብርቱካኑን ይሰርቁበት ነበር አሉ። ይሄ ግሮክ ትርኢቱ መሃል ድንገት «ለምን?» ብሎ ይጠይቅና ተመልካቹ ይሳቅ ያልቅስ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ትሮምቦን ነፊውም መሃል ላይ ቆም ብሎ በእንግሊዝኛ «ዋይ?» ማለት አለበት። ይህን ሁሉ ለእናቴ ቀድሜ ማስረዳት ነበረብኝ፣ አላስረዳሁም።

«ዋይ?» አለ ልጁ።

«ውይ በሞትኩት! ማን ሞተበት?» አለች እናቴ፣ በሹክሹክታ መሆኑ ነው። ከፊታችን ያሉት ሦስት ረድፎች ዞሩ። ልጁ ደግሞ ከዚያች ቃል በኋላ ቁጭ ብሎ እንዲጫወት ነው የታዘዘው፤ ቁጭ አለ። «ይኸው፣ ጉልበቱ ከዳው» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

ሲያልቅ ማን ያወቀ አለ? ሁሉም ጎኑን እያየ ዝም፤ አንዱ ደፍሮ ሲያጨበጭብ ግን ሁሉም ቀድሞ የገባው መሰለ። ውጪ ወይን የያዙ ሰዎች አገጫቸውን እያሻሹ «ጥልቅ ነው» ይባባላሉ። የምን ጥልቀት እንደሆነ ግን ማንም አልተናገረም።

እናቴ ሰዉን ገፍታ ልጁ ጋ ደረሰች፣ አቀፈችው። «እግዜር ያጥናህ ልጄ።»

«ምን አለችኝ?» አለኝ።

«እግዜር ያበርታህ ነው ያለችህ» አልኩት። ዋሸሁ አይባልም።

ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስንት ወር ሲለማመድ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም።

እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ «አየህ? ሐዘን ላይ ነው አላልኩህም?»