ጉልበት ባመመ ማግስት

የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ (መገጣጠሚያን እየጎዳ የሚያሳምም በሽታ) ያለባቸው አዛውንቶች በስልክ አፕ እየተመሩ ቤታቸው ስፖርት መሥራታቸው እየተለመደ ነው። አፑ ቪዲዮ ያሳያል፣ ይቆጥራል፣ ሰዓት ሲደርስ ያስታውሳል። እኔ ነገሩን እደግፋለሁ። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ።

«ጉልበቴ አልቋል፣ ከእንግዲህ ማረፍ ነው» የሚለው ሐሳብ ስንቱን ወንበር ላይ አስቀርቷል! የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም። የሚመገበው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጉልበት መጫንና መለቀቅ አለበት። የጭን ጡንቻ ሲሟሽሽም ጉልበቱ ይበልጥ ይቸገራል። የብሪታንያው ናይስ (NICE) የተባለው የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ እንቅስቃሴን ለሁሉም ታማሚ ሲመክር፣ ፓራሲታሞል ግን እንደ ልማድ አይታዘዝ ብሏል።

ስፖርቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ እግርን ትንሽ ከፈት አድርጎ መነሳት፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መቀመጥ። ብዙ ሰው ሲቀመጥ ዘፍ ይላል፤ ዋናው ሥራ ያለው ግን እዚያ ቀስ ማለቱ ላይ ነው።

ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ሰውየው ጉልበቱን እያሻሸ ይነሳል፤ «ይኸው አባሰብኝ!» ይላል። ያው መመሪያ እንኳ መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ሊጨምር እንደሚችል ለታማሚው ይነገረው ይላል። አፑ በዚያ ጠዋት ምን ይላል? «ጎበዝ! ዛሬም ይቀጥሉ!» ቅሬታዬ ይኼ ነው። ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ቢሆን መጀመሪያ ይጠይቃል። ሕመሙ የሚቻል ነው? እስከ ማግስቱ በረድ ብሏል? እንግዲያው ይቀጥሉ። አልበረደም ወይም ጉልበቱ አብጧል? ድግግሞሹ ይቀነስ፣ ከፍ ያለ ወንበር ይፈለግ። በድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካለው ግን ስፖርቱ ይቅር፣ ሐኪም ጋ ይኬድ።

ይህን የማይጠይቅ አፕ ከቪዲዮ ማጫወቻ አይለይም። ከጀርባው የሚደወልለት ባለሙያ ቢኖር ደግሞ እሰየው። አለበለዚያ የልጅ ልጅ ጭኖት ይሄዳል፣ ፓስወርዱ ይጠፋል፣ ሕክምናውም አብሮ ይጠፋል።

ለወላጆቻችሁ ከመጫናችሁ በፊት ራሳችሁ ሞክሩት። «ዛሬ በጣም አሞኛል» በሉትና መልሱን እዩ። «በርቱ!» ብቻ ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።