ቤትዎ አትመው ቢመጡ ኖሮ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ እቤቴ ረስቶት የሄደውን ካፖርት አጣጥፌ፣ በካርቶን አሽጌና አድራሻውን በጉልህ ፊደል ጽፌ ወደ አንድ የዕቃ አመላላሽ ድርጅት ሄድኩ። ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቀርብ ወጣቷ ሠራተኛ ካርቶኑን ሚዛን ላይ አስቀመጠችና ሒሳቡን ነገረችኝ። ከገመትኩት በለጠ። ፊቴ ላይ ያነበበችው ነገር አሳዝኗት መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቤትዎ አትመው ቢመጡ ኖሮ ይቀንስልዎት ነበር» አለችኝ። በልጅቷ ዘንድ ክፋት አልነበረም። ያናደደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ቢያንስ የምቆጣው ሰው አገኝ ነበር።

«ምኑን ነው የማትመው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሌብሉን፤ ካርቶኑ ላይ የሚለጠፈውን አድራሻና ባርኮድ ያለበትን ወረቀት። በኢንተርኔት ገዝተው በፕሪንተርዎ ያትሙታል።»

«ፕሪንተር የለኝም።»

«ችግር የለም፤ ኮዱን ከስልክዎ ላይ አነበዋለሁ።»

ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። የምትታጠፍ፣ ባለቁልፍ ስልክ ናት፤ ይደወልባታል፣ ይደወልላታል፣ ከዚያ ውጪ በማንም ጉዳይ አትገባም። ልጅቷ ስልኬን ያየችበት ዓይን ሰው የሟች አያቱን ፎቶግራፍ የሚያይበት ዓይን ነበር። ከኋላዬ ከተሰለፉት መካከል አንዱ አንገቱን አስግጎ ለማየት ሲሞክር በትከሻዬ በኩል ታወቀኝ። ሙሉውን ሒሳብ ከፍዬ መገላገል እችል ነበር፤ ነገር ግን ቅናሽ መኖሩን ካወቁ በኋላ ሙሉ ዋጋ መክፈል እያወቁ ኪስን ለሌባ እንደመክፈት ያለ ነገር ስለሆነ፣ እልህ ይዞኝ ካርቶኔን አንሥቼ ወጣሁ።

መንገድ ላይ የሒሳቡን ነገር ሳብሰለስል ቆየሁ። በብዙ አገሮች ሌብሉን በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው መስኮት ላይ ከሚከፍለው ያነሰ ይከፍላል። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ለምሳሌ አንዱን ጥቅል በሁለት ታሪፍ ይቀበላል፤ አንደኛው የመስኮት ዋጋ ነው፣ ሁለተኛው የንግድ ዋጋ ይባላል፤ ስሙ ይከብዳል እንጂ ንግድ ፈቃድ ሳይጠየቅ በኢንተርኔት ለሚገዛ ሁሉ ይሰጣል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሌብሉን ለጥፎ የመጣ ሰው አድራሻ አያስጽፍም፣ አያስመዝንም፣ ገንዘብ አያስቆጥርም፤ ካርቶኑን ያስረክባል፣ መሣሪያው አንድ ጊዜ «ጢጥ» ይላል፣ አለቀ። ስለዚህ ቅናሽ የሚሉት ነገር በደንብ ሲታይ ደመወዝ ነው፤ መስኮት ላይ ይሠራ የነበረውን ሥራ እቤቴ ተቀምጬ ስለሠራሁ የሚከፈለኝ። ደመወዙን የሚያገኘው ግን የራሱን ማሽን፣ የራሱን ቀለም፣ የራሱን ወረቀትና የራሱን ሚዛን ይዞ የቀረበ ሠራተኛ ብቻ ነው። ምንም የሌለው ሰው ሥራውን ባለመሥራቱ ይቀጣል። ላለው ይጨመርለታል የተባለው እንግዲህ እስከ ሌብል ድረስ ይሠራል ማለት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ማለት የሽማግሌ ጠባይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አልነበረም። እንግሊዝ አገር እስከ 1840 እ.ኤ.አ. ድረስ የደብዳቤን ዋጋ በአብዛኛው የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር፤ ዋጋውም በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት እየተሰላ ይጠየቅ ነበር። ሮውላንድ ሂል የሚባል ሰው በ1837 ባሳተመው ጽሑፍ ገንዘቡን የሚፈጀው ደብዳቤውን ማጓጓዙ ሳይሆን ማስላቱና መሰብሰቡ መሆኑን አሳየና፣ ላኪው አስቀድሞ በርቀት የማይለያይ አነስተኛ ዋጋ ይክፈል አለ። በዚህ ምክንያት በ1840 ፔኒ ብላክ የምትባለው ጥቁር ቴምብር ወጣች፤ እስከ ግማሽ አውንስ የሚመዝን ደብዳቤ በአንድ ፔኒ አገሩን ያቋርጥ ጀመር። ልብ በሉ፣ ያኔም መሥሪያ ቤቱ ድካሙን ለመቀነስ ሲል ሥራውን ለላኪው ማካፈሉ ነበር፤ ለላኪው የደረሰው ሥራ ግን ሙጫ የተቀባውን የቴምብሩን ጀርባ ማርጠብ ብቻ ነው። ምላስ የሌለው ላኪ ስለሌለ ቅናሹ ለሁሉም ደረሰ። አሁን ደግሞ ከምላስ ወደ ፕሪንተር ተሸጋግረናል፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ ማንም ሰው ከፕሪንተር ጋር አልተወለደም።

ወደ ሚዛኑ ልመለስ፤ ሚዛን ብዬ በዋዛ ላልፈው አልችልም። ሌብሉን በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው የጥቅሉን ክብደት አስቀድሞ ማስገባት ግዴታው ነው፤ አሳንሶ ያስገባ እንደሆነ ልዩነቱን በኋላ ይጠየቃል። ልጅቷ ስትመዝን ቁጥሩን አላየሁትም፤ እቤት ያለኝም ሚዛን ሰው የሚቆምበት ነው፤ ካርቶኑን ብቻውን ሳስቀምጥበት ይቁም ይውደቅ ሳይወስን ዜሮ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ብቻዬን ቆምኩ፤ ከዚያ ካርቶኑን ታቅፌ ቆምኩ፤ አንዱን ከሌላው ቀነስኩ። ካርቶኑ 2 ኪሎ ግራም ከምናምን ሆነ። ችግሩ፣ የካርቶኑን ክብደት ለማወቅ የእኔን ክብደት ማወቅ ግድ ሆነ። ይህን ቁጥር ለሁለት ዓመት ያህል ሆን ብዬ ሳላውቀው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለአንድ ካፖርት ስል ዐወቅሁት። ይህንንም ወጪ ከቅናሹ ላይ የሚቀንስልኝ የለም።

ፕሪንተር የለኝም ማለቴ ፕሪንተር አላውቅም ማለት አይደለም። ነበረኝ። ቀለም የሚረጨው ዓይነት ነበር፤ በርካሽ ገዛሁት፣ ርካሽነቱ ምን እንደ ነበረ የገባኝ የመጀመሪያውን ቀለም ልገዛ ስሄድ ነው። አንድ ቀን ምሽት አንዲት ባለጥቁር ጽሑፍ ደብዳቤ ላትም ስል ሰማያዊው ቀለም አልቋልና አላትምም አለኝ። ደብዳቤው ጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ቀለም አለ፤ ሰማያዊ አልጠየቅሁትም። ልክ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። አልሰማም። ሰማያዊውን ገዝቼ መጣሁ፤ በማግስቱ ቢጫው አለቀ። ቆይቼ እንደ ተረዳሁት፣ ይህ ዓይነቱ ማሽን ካልሠራበት አፍንጫው ስለሚደርቅ እያሰለሰ ራሱን ያጥባል፤ የሚታጠበውም በዚያው በውዱ ቀለም ነው። በወር አንድ ገጽ ለሚያትም እንደ እኔ ያለ ሰው አብዛኛውን ቀለም የሚጠጣው ሥራው ሳይሆን ፊቱን መታጠቡ ነው ማለት ነው። ቁጣዬ ገንፍሎ ማሽኑን ከቤት ያስወጣሁት በዚያን ጊዜ ነው፤ ይኸው ዓመታት አለፉ፣ አሁንም ስሙ ሲነሣ ደሜ ይፈላል። የበለጠ የሚያበግነኝ ደግሞ በየመስኮቱ ያሉት የሌብል ማተሚያዎች ቀለም የሚባል ነገር አለማወቃቸው ነው፤ ሙቀት የነካው ቦታ የሚጠቁር ልዩ ወረቀት ላይ በሙቀት ብቻ ያትማሉ። ድርጅቱ ራሱ ያልገዛውን ቀለም እኔ ገዝቼ ልጠብቀው ነው እንግዲህ የሚፈለገው።

ጎረቤት አስቸግር የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አስቸግሬ ዐውቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ምን ችግር አለ» ይሉሃል፤ በሁለተኛው ቀን «ፋይሉን በኢሜይል ላክልን» ይሉሃል፤ በሦስተኛው ቀን ሰማያዊው ቀለም አልቋል።

ስለዚህ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተርም፣ በገጽ ጥቂት ሳንቲም የሚያስከፍል ማተሚያም ስላለው፣ ፕሪንተር አልባና ታጣፊ ስልክ ለያዘ ሰው የመጨረሻው መጠጊያ ነው። ሌብሉን ገዛሁ፤ ክብደቱን በክብር አስገባሁ፤ «አትም» የሚለውን ነካሁ። ሌብል ብዙውን ጊዜ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ማተሚያው ውስጥ ያለው ወረቀት ግን ሙሉ ገጽ ነው፤ ኮምፒውተሩም ማንም ሳይጠይቀው «ገጹን ልሙላልህ» ብሎ ሌብሉን እንደ በር መጋረጃ ዘረጋው። ማሽኑ ጋ ስደርስ የወጣው ወረቀት የባርኮዱ ግማሽ በቀኝ ጠርዝ በኩል ተቆርጦ የቀረበት ነበር። ባርኮድ እንደ ሰው ስም አይደለም፤ ግማሹን ጠርተው ግማሹን በግምት አይሞሉትም። ሁለተኛ ጊዜ ሳትም ጠቅላላው ሌብል የአውራ ጣት ጥፍር አክሎ ወጣ። ለሁለቱም ከፈልኩ።

እዚህ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደውን ተረት ካልጠቀስኩ አላርፍም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አባባሉን የወደድኩት ሞኝን ስለሚሰድብ ሳይሆን ወረቀትን ስለሚያመሰግን ነው። ወረቀት የተጻፈበትን ይዞ ይቆያል፤ ባትሪው አያልቅም፣ ፈቃድህን አድስ አይልህም፣ ሰማያዊ ስለጠፋ ጥቁሩን አይደብቅም። ተረቱን ያወጡት ሰዎች ዛሬ ቢኖሩ ግን ወረቀቱ አንዴ እንደ መጋረጃ አንዴ እንደ ጥፍር የሚሆንበትን ማሽን አይተው ምን ይሉ እንደ ነበር እንጃ። ሞኙ እንኳ እንደ ጠባዩ ነው፤ ሁለት የተበላሸ ሌብል ይዞ ማሽኑ አጠገብ ቆሟል።

ሦስተኛውን ሳልሞክር ሌብሉን የገዛሁበት ድረ ገጽ አንድ ነገር አቀረበልኝ፤ ማተም ካልፈለግህ ኪውአር ኮዱን በስልክህ አሳይ ይላል። ማተም አለመፈለግና አለመቻል አንድ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ኪውአር ኮድ በ1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ዴንሶ ዌቭ በሚባለው ኩባንያ ማሳሂሮ ሃራ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ነው፤ የተሠራውም የመኪና መለዋወጫ ክፍሎችን ለመቆጣጠር ነበር፤ ሐሳቡ የመጣለትም ጎ የሚባለውን የጥቁርና ነጭ ጠጠር ጨዋታ ሰሌዳ ሲያይ ነው ይባላል። ትንሹ መደበኛ ኪውአር ኮድ 21 በ21፣ በድምሩ 441 ካሬዎች አሉት። ይህን ሳስታውስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ባለካሬ ወረቀት ፈልጌ በእርሳስ ልስለው! ኮዱ በከፍተኛው የስሕተት ማረሚያ ደረጃ ከተሠራ እስከ 30 በመቶ ያህሉ ቢበላሽ እንኳ ይነበባል፤ ስለዚህ ለስሕተት ሰፊ ቦታ አለኝ ብዬ ተጽናናሁ። የእጅ ጽሑፉ አንድም ሳይበላሽበት የማይነበብ ሰው ይህን ዓይነት ምሕረት ሲያገኝ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ሦስት መስመር አጥቁሬ፣ የቀኙን የላይኛውን ትልቅ ካሬ ልጀምር ስል የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስክሪኑ ላይ ከኮዱ ሥር ያለውን በጣቶቻቸው ነኩ። «ይህን ለምን አይጽፉትም?» አሉኝ። ከኮዱ ሥር፣ ከጉንዳን በማትበልጥ ፊደል፣ የተቀላቀሉ ሆሄያትና ቁጥሮች ተደርድረዋል። ኮዱን የሚያነብ መሣሪያ ባይኖር ሠራተኛው በእጁ የሚያስገባው ቁጥር ነው። ይህ ሁሉ ጣጣ በአንድ ብጣሽ ወረቀትና በአንድ እርሳስ ያልቅ ነበር፤ ነገር ግን «ስልክህን አሳይ» የሚለው እንደ ጋዜጣ ርእስ ጎልቶ ሲጻፍ፣ «ወይም ይህችን ቁጥር ጻፍ» የሚል ሰው አልተገኘም። ታላቋ ብሪታንያ ውስጥ ሮያል ሜይል ከሚባለው የፖስታ ድርጅት ጥቅል ሊወስድ የሚመጣው ፖስተኛ ሌብሉን ራሱ አትሞ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚቻል መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ቁጣዬ ባሰበት። አለመቻልን ይቅር እላለሁ፤ ተችሎ በጉንዳን ፊደል መጻፉን ነው ያልቻልኩት።

ቁጥሯን ገልብጬ፣ ሁለት ጊዜ አመሳክሬ ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። ልጅቷ ነበረች። ብጣሿን ወረቀት ተቀብላ አገላብጣ አየችና፣ «ይቺ ዜሮ ናት ኦ?» አለችኝ። አላወቅሁም። ዜሮ ብላ ሞከረች፣ እንቢ አለ፤ ኦ ብላ ሞከረች፣ አለቀለት። ቀለም የማያውቀው ማተሚያ «ዝዝዝ» ብሎ ሌብሉን ተፋ፤ ከጀርባው ላጥ አድርጋ ካርቶኑ ላይ ለጠፈችው፤ ስቆጥር ስድስት ሰከንድ አልሞላም። «አዩ፣ ቀነሰልዎት!» አለችኝ፤ ከልቧ ደስ ብሏት ነበር። ለሁለቱ የተበላሹ ገጾች የከፈልኩትን፣ ሁለት ጊዜ የሄድኩበትን መጓጓዣና አንድ ጥዋት ሙሉ ያባከንኩትን አልነገርኳትም። የክብደቴንም ነገር አላነሣሁባት።

የእህቴ ልጅ ካፖርቱ እንደ ደረሰው ደውሎ ነገረኝ። ኮዱን የጻፍኩባት ብጣሽ ወረቀት ግን አሁንም የኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ናት፤ ኦዋን እንደ ዜሮ አድርጌ ነው የጻፍኳት።