ክር ለታሰረለት ቧንቧ የቀረበ ውዳሴ

ቁጠባ ክቡር ነገር ነው፤ እኛም የምናከብረው ከሩቅ ሆነን ነው። የውኃና የመብራት ሂሳብ በደረሰ ዕለት በየቤቱ የሚሰማውን ሮሮ፣ ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ተገላብጦ ተነቦ ቁጥሩ ያው ሆኖ ሲገኝ የሚወርደውን እርግማን ላዳመጠ ሰው፣ ይህ ቤተሰብ ከነገ ጀምሮ በጨለማ ተቀምጦ በጤዛ የሚታጠብ ይመስለዋል። ሆኖም ቁጣው እስኪመሽ ይበርዳል፤ ወረቀቱም ካለፉት ወራት ጓደኞቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ቧንቧውም ሥራውን ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ጽናት ያለ አመስጋኝ መቅረት የለበትም ብዬ ስለማምን ብዕሬን አነሳሁ፤ ምስክርነቴንም ከራሴ ቤት እጀምራለሁ።

የማዕድ ቤታችን ቧንቧ መንጠባጠብ ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በመጀመሪያው ሳምንት የወሰድነው እርምጃ ማጥበቅ ነበር፤ እጀታው ሲጢጥ እስኪል ድረስ ጠመዘዝነው፤ ይህም ጎሚኒ የምትባለውን፣ ውስጡ ያለችውን ያረጀች የላስቲክ ማሸጊያ ይብስ ጨፍልቆ ጠብታውን አፋጠነው። ቀጥለን ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጥን፤ ሳህኑ ከውኃው ይልቅ ድምፁን ሰበሰበ። በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ ያጣው አባወራ፣ ማለትም እኔ፣ ተነሥቼ አንድ ቁራጭ የጥጥ ክር በቧንቧው አፍ ላይ አሰርኩና ጫፉን እስከ ማጠቢያው ወለል ለቀቅሁት። ጠብታው ክሩን ተከትሎ ኮሽ ሳይል ቁልቁል ይንሸራተት ጀመር። ቤቱ ጸጥ አለ። የውኃው መፍሰስ አልቀረም፤ የቀረው መሰማቱ ነው፤ እኛም ከዚያ በላይ የጠየቅነው ነገር አልነበረም። በማግስቱ ትንሿ ልጄ ክሩን አይታ «አባዬ፣ ቧንቧው ታሞ ነው የታሰረው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይደለም የኔ እናት፣ እንዳይጮህ ነው» አልኳት። በመልሱ ረክታ ሄደች፤ ከዚህ የተሻለ የቤት ውስጥ አስተዳደር ትምህርት ከየት ታገኛለች?

ስሌት የሚወዱ ሰዎች በዚህ ደስታ መሀል መግባታቸው አይቀርም። በሰከንድ አንድ ጊዜ ጠብ የሚል ቧንቧ በቀን 86,400 ጊዜ ጠብ ይላል፤ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ነው ብንል በቀን ከ4 ሊትር፣ በዓመት ደግሞ ከ1,500 ሊትር በላይ ውኃ መሆኑ ነው። ስሌቱን አልክድም፤ የምጠይቀው ሌላ ነው። 1,500 ሊትር ውኃ፣ ምስጋና ሳይጠብቅና ስሜ ይጠራልኝ ሳይል፣ ለማያውቀው የፍሳሽ ቱቦ በየዓመቱ የሚለግስ ሰው ስንት ጊዜ አጋጥሟችኋል? ለጎሚኒዋ ግዥና ለአንድ መፍቻ የምናወጣው ገንዘብ ከዚህ ቸርነት አንጻር ሲታይ ትንሽ መሆኑ ራሱ ያሳፍራል።

ቁጠባ አናውቅም የሚለን ካለ ግን ይሳሳታል። በእኛ ቤት የስልክ ቻርጀር ከሶኬት ሳይነቀል የሚተኛ ሰው የለም። ሁልጊዜ ማታ ከመኝታ በፊት ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ቻርጀሮቹን እነቅላለሁ፤ ይህን ሳደርግ ፊቴ ላይ የሚነበበውን የኃላፊነት ስሜት ብታዩት ትደነቁ ነበር። ስልክ ያልተሰካበት ቻርጀር ሩብ ዋት ይበላል ብንል እንኳ ዓመቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ተሰክቶ ቢከርም የሚቆጥረው 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ታላቅ ድል ካስመዘገብኩ በኋላ ሻወር እገባለሁ። በደቂቃ 10 ሊትር በሚያወርደው ሻወር ሥር ለ15 ደቂቃ ቆሜ ስለ ኑሮ ውድነት ሳሰላስል 150 ሊትር ውኃ በላዬ ይወርዳል፤ ያንን ውኃ ከ15 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ ደግሞ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል። ከሁለት ዓመት የቻርጀር ተጋድሎ የተገኘው ትርፍ በአንድ ሩብ ሰዓት በፍሳሽ ጉድጓዱ በኩል ተሰናበተ ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴት ቢያንስ ወደ ላይ ዘርግታ ነበር፤ እኛ ዓይናችንን ጨፍነን፣ ሳሙና ተቀብተን ነው የምንጥለው።

ቦይለሩም ክብር ይገባዋል። ሙቅ ውኃ የሚፈለገው በቀን ለግማሽ ሰዓት ሆኖ ሳለ ሌሊቱንም ቀኑንም ሳይጠፋ ይውላል፤ «ድንገት ቢያስፈልግስ» የሚባል ጥበብ አለና። ሙቀቱ በጋኑ ግድግዳ እያለፈ ለጣሪያው፣ ለሸረሪቱና ለመታጠቢያ ቤቱ አየር ይከፋፈላል፤ ቴርሞስታቱ ቀጭ ብሎ ያሞቃል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ያሞቃል። አንዳንዶቹ ደግሞ መጠኑን እስከ መጨረሻው ይጠመዝዙትና ቆዳ የሚልጥ ውኃ ካዘጋጁ በኋላ ቀዝቃዛ ቀላቅለው ያለዝቡታል። 60 ዲግሪ ባክቴሪያ እንዳይራባ ለመከላከልም ለገላ መታጠቢያም ይበቃል የሚሉ ባለሙያዎች ይህን ደስታ ያልቀመሱ ናቸው፤ አስቀድሞ ገንዘብ ከፍሎ ማሞቅ፣ ቀጥሎ ገንዘብ ከፍሎ ማቀዝቀዝ ለማንም የተሰጠ ጸጋ አይደለምና።

ምድጃ ላይ ያለውን ትዕይንት ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ኃጢአት ይሆንብኛል። ድስቱ ክፍት ነው፤ እሳቱ እስከ ጥግ ተከፍቷል፤ ውኃው ይንተከተካል፣ መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል፤ ባለሙያዋም ባለሙያውም «ቶሎ ይብሰል ብዬ ነው» ይላሉ። የፈላ ውኃ እሳቱ ቢጨመርበት ሙቀቱ እንደማይጨምር፣ ትርፉ እሳት የሚሠራው ሥራ ውኃውን ወደ እንፋሎት መለወጥ ብቻ እንደሆነ ፊዚክስ ከተናገረ ዘመናት አልፈዋል። የፈላውን አንድ ሊትር ውኃ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚጠፋው ኃይል፣ ያንኑ ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ከጠፋው ከ6 እጥፍ በላይ ነው። ክዳኑ የት አለ? ክዳኑ ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቋል፤ ሁላችንም የት እንዳለ እናውቃለን፤ ማንም ግን ጎንበስ ብሎ አላነሣውም። ለአንድ ሲኒ የሚሆን ሙቅ ውኃ ሲፈለግ እስከ አፉ ስለሚሞላው የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ብዙ አልናገርም፤ የተረፈው ይቀዘቅዛል፣ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ይፈላል፤ አንዱ ሊትር በቀን አራት ጊዜ እየፈላ ራሱን የቻለ ዕድሜ ይኖራል።

ፍሪጁ ፊት የሚደረገውም ጥሞና የዋዛ አይደለም። በሩን ከፍቶ፣ እጅን ወገብ ላይ አድርጎ፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት ያልነበረ ነገር አሁን ይኖር እንደሆነ መመርመር የቤታችን ወጣቶች ዋነኛ ተግባር ሆኗል። የበሩ ላስቲክ መላላቱን ለማወቅ ወረቀት ጣል አድርጎ በሩን መዝጋትና መሳብ ይበቃል፤ ወረቀቱ ሳይታገል ከወጣ ቅዝቃዜውም ሳይታገል እየወጣ ነው። እኛ ሞክረነው ወረቀቱ ከመሳባችን በፊት ራሱ ወደቀ፤ ወረቀቱ ቀጭን ስለሆነ ነው ብለን ተስማማን። አምፖል ላይ አልቆይም፤ 60 ዋት የሚበላው የድሮው አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን የኤልኢዲ አምፖል በ9 ዋት ገደማ እንደሚሰጥ፣ የድሮው ከበላው አብዛኛውን ወደ ሙቀት እንደሚለውጥ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ማወቅና መለወጥ ለየቅል መሆናቸውንም እንዲሁ።

ባለፈው የሂሳብ ወቅት ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ጥፋቱ የቆጣሪው መሆኑ ግልጽ ስለነበር አቤቱታ አስገባሁ፤ ቆጣሪው ይሮጣል፣ ይበድለናል ብዬ ጻፍኩ። አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ። በቤቱ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ እንድዘጋ በትሕትና ጠየቀኝ፤ ዘጋሁ። ከዚያ ቆጣሪው አጠገብ ቁጢጥ ብለን መስተዋቱን ጠርገን አየን። ትንሿ ቀይ መዘውር ቀስ እያለች፣ ሳታፍር፣ ትዞራለች።

«ጋሼ፣ ውስጥ የሚታጠብ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ።

«ማንም የለም» አልኩት።

«እንግዲያው የማይታይ እንግዳ አለብዎት።»

ወደ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ከመቀመጫው በላይ ባለው የውኃ ጋን ውስጥ የምግብ ማቅለሚያ ጠብ አደረገበት፤ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ማንም ሳይለቅቀው፣ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውኃ ቀላ። የጋኑ መዝጊያ ላስቲክ አልቆ ኖሮ ውኃው ሌት ተቀን ያለ ድምፅ ይወርድ ነበር፤ እንዲህ ያለው ፍሳሽ በቀን በመቶ የሚቆጠር ሊትር ሊያስወጣ እንደሚችልም አስረዳኝ። ሲወጣ በማዕድ ቤቱ በኩል አለፈ፤ ክሩን አየ፤ እኔን አየ፤ ምንም አላለም። በዚህ ሙያ ላይ ያሉ ሰዎች ለአዲስ ፈጠራ ያላቸው አድናቆት ዝቅተኛ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ከቆጣሪው ጋር ተመሳጥሯል ብዬም ለባለቤቴ ነገርኳት፤ «እሱ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ክር ሲቀይር የከረመው?» አለችኝ።

ክሩን በሚመለከት ግን እርማት ማድረጌ አልቀረም። የጥጥ ክር ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ስለሚከርም በየሁለት ወሩ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ በዘላቂነት ለመፍታት ቆርጬ በናይሎን ተካሁት። ናይሎን ውኃ አይጠጣምና ጠብታው ከመሀል እየዘለለ እንደገና ይጮህ ጀመር፤ ሁለት ሌሊት ታግሠን ወደ ጥጡ ተመለስን። አሁን ከማጠቢያው አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ፣ ከሂሳብ ወረቀቶቹ ጎን፣ አንድ ሙሉ ጥቅል የጥጥ ክር አለን፤ በእኔ ስሌት አሥር ዓመት ያደርሰናል።