ሀ ሁ እያልክ ሽና

እሑድ ጠዋት ከቤት ልንወጣ ስንል ባለቤቴ እንደ ኬላ ጠባቂ በሩ ላይ ትቆማለች። ኮፍያ? ተደርጓል። ቅያሪ ልብስ? ተይዟል። ውሃ፣ ዳቦ፣ ሶፍት፣ ሳኒታይዘር? ሁሉም አለ። እናቴ ደግሞ ከጓዳ ብቅ ብላ ለምቹም ለብርዱም የምትለውን ትላለች፤ ለሰው ዓይን ደግሞ እትፍ እትፍ ትልባቸዋለች። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ሁልጊዜም የባለቤቴ ነው።

«ሽንት?»

«የለኝም» ይላል ማሙሽ።

«የለኝም» ትላለች ሚጣ። ወንድሟ ያለውን መድገም ቋሚ ሥራዋ ነው።

የስድስት ዓመት ወንድና የአራት ዓመት ሴት ልጅ «የለኝም» ሲሉ እየዋሹ እንዳይመስላችሁ። እውነትም የላቸውም። የልጅ ፊኛ ሽንት ቤት አጠገብ ባዶ ነው፤ ሽንት ቤቱ በራቀ ቁጥር ይሞላል። የቤታችን ሽንት ቤት ደህና መቀርቀሪያ አለው፣ ፈረቃችን ከሆነም ውሃ አለው። ስለዚህ ማንም አይፈልገውም።

የምንሄደው ቢሾፍቱ ነበር። በድሮው መንገድ ብንሄድ ኖሮ ዱከም ላይ ከሥጋ ቤቶቹ አንዱ ጋ ቆም ይባል ነበር። እኛ ግን ዘመናዊ ሆነን በቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገዱን ያዝን። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው፣ እስከ አዳማ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ታጥሯል። ከብት የለም፣ ጋሪ የለም፣ እግረኛ የለም። እንደ አውቶቡሱ ዘመን «ሹፌር፣ አንዴ አቁምልን! ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ!» ተብሎ ቁጥቋጦ ፍለጋ መውረድም የለም። የክፍያ ጣቢያውን አልፈን ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሄድንም።

«አባዬ፣ ሽንቴ መጣ።»

ለማሙሽ ሃይላንድ ተሰጠው። ያ የውሃ ፋብሪካ የትም ይድረስ የት፣ ለእኛ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ሁሉ ሃይላንድ ነው። ማሙሽ ጉዳዩን ጨርሶ በድል አድራጊነት ክዳኑን ሲያጠብቅ ሚጣ «እኔም በሃይላንድ!» ብላ ለቅሶዋን አቀለጠችው። እስከ ቢሾፍቱ መውጫ ድረስ ባለቤቴ ወደ ኋላ ዞራ የሥነ ፍጥረት ትምህርት ሰጠች። ተማሪዋ አልተዋጠላትም።

የገባንበትን ሎጅ ስም አልጠራም፤ ሐይቅ ዳር ካሉት አንዱ ነው። ቢሾፍቱ እንግዲህ ተፈጥሮ ለጉድጓድ ያልሰሰተችበት አገር ነው። የቢሾፍቱን ሐይቅ፣ ሆራን፣ ባቦጋያን የቆፈረው እሳተ ገሞራ ነው ይላሉ የጂኦሎጂ ሰዎች። እሳተ ገሞራ ያን ሁሉ በቆፈረበት ከተማ የሎጁ ባለቤት ያንን ሁሉ የእሑድ እንግዳ ጠርቶ ለወንዶች የቆፈረው ሁለት ነው።

ልጅ የሌለው ሰው ጠረጴዛ የሚመርጠው ሐይቁን እያየ ነው። ልጅ ያለው ጀርባውን ለሐይቁ ይሰጥና የሽንት ቤቱን በር እያየ ይቀመጣል። አጠገባችን የተቀመጡ ሁለት ፍቅረኞች ሐይቁን እያዩ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። እኔና ባለቤቴ ጄኔሬተሩ አጠገብ ያሉትን ሁለት ሰማያዊ በሮች እያየን የትኛው የወንድ እንደሆነ እንከራከራለን።

ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞ ነበር። ዺራ ወንድ ነው፣ ዱበርቲ ሴት ነው፤ ቢሾፍቱን የለመደ ሰው ይህን አያጣውም። ጥፋቱ የቀለሙ ነው። ፀሐይና ዝናብ ተባብረው ሲልጡት ከረሙና በሁለቱም በር ላይ የቀረው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። በላቲን ሲጻፉ ደግሞ ሁለቱም የሚጀምሩት በዲ ነው። አንዱ በር ዲ፣ ሌላው በር ዲ። ሰው እስኪወጣ ጠብቀን ጢሙን አይተን ለየን።

መጀመሪያ ማሙሽን የወሰደችው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ሒሳብ ሳይቀድም ምግብ ለማዘዝ ከአስተናጋጁ ጋር ትግል ላይ ነበርኩ። ማሙሽ የሴቶቹ በር ላይ ሲደርስ እግሩን ተከለ።

«እኔ ወንድ ነኝ። እዚህ አልገባም።»

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብቻውን ወንዶቹ ጋ መስደድ አይሆንም፤ አብራው መግባት አይሆንም። ባለቤቴ ግን መምህርት ናት፤ መላ አታጣም። የወንዶቹን በር በእግሯ ገርበብ አድርጋ ያዘችና መመሪያ ሰጠች። «ሀ ሁ እያልክ ሽና። ድምፅህን እሰማለሁ። ዝም ካልክ ገባሁ!»

ማሙሽ ገባ። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» የሚለው ድምፅ ከሲሚንቶው ግድግዳ ጋር እየተጋጨ እስከ ጠረጴዛችን ይሰማል። «ለ ሉ ሊ» አለ። ሐመሩ ሐ ላይ ትንሽ አመነታ፣ ግን አለፈ። መ፣ ሠ፣ ረ። ከውስጥ አንድ ወፍራም የአባወራ ድምፅ «ጎበዝ፣ ቀጥል!» ሲለው ሰማሁ። ሰ፣ ሸ፣ ቀ። እንዲህ ያለ የሽንት ርዝመትም አይቼ አላውቅም። በ፣ ተ፣ ቸ። ከዚያ ጸጥ።

አንድ ሴኮንድ። ሁለት ሴኮንድ።

ባለቤቴ በሩን በርግዳ ገባች። እጁን ይታጠብ የነበረው ሰው ሳሙናውን ለቀቀው። ቆሞ የነበረ ሌላ ሰው ደግሞ... የእሱን ነገር ለአንባቢ እተወዋለሁ። ማሙሽ ሱሪውን ታጥቆ፣ ጨርሶ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ምነው ዝም አልክ?!»

«እማዬ፣ ሀን እኮ ብዬዋለሁ። ሁለቴ ብዬዋለሁ። አሁንም ሌላ ሀ መጣ።»

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ሙግት ምሁራንን ለረጅም ዘመን ሲያነታርክ እንደኖረ አውቃለሁ። ባለቤቴ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ይቀነሱ ከሚሉት ወገን ናት። ወደዚያ በር ሁለተኛ ላትጠጋም ማለች።

ቨርጂኒያ የምትኖር የባለቤቴ እህት ይህን ስንነግራት በስልክ ሳቀችብን። እነሱ ጋ በየገበያ ማዕከሉ «ፋሚሊ» የሚል ክፍል አለ አለች፤ አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ጋሪውም ሳይቀር አንድ ላይ ገብተው ከውስጥ ይቆልፋሉ። እንዲያውም ኦባማ በነሱ አቆጣጠር በ2016 የፈረሙት ሕግ አለ፤ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ የፌዴራል ሕንፃዎች የዳይፐር መቀየሪያ በሴቶቹ ብቻ ሳይሆን በወንዶቹም መጸዳጃ ቤት እንዲኖር ያዛል። እኛ ጋ አባት የሆነ ሰው ዳይፐር የት እንደሚቀይር ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ባለቤትህ የለችም እንዴ?» ነው።

ለነገሩ አዲስ አበባም ለውጥ አለ። ከኮሪደር ልማቱ ጋር የተሠሩት መጸዳጃ ቤቶች አንዳንዶቹ ከኔ ሳሎን ይሻላሉ። አንድ ቀን ሚጣን ይዤ አንዱ በር ላይ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ።

«ልጅ ነፃ ነው። አንተ አምስት ብር።»

«እኔ እኮ አልሸናም። ልጠብቃት ነው የምገባው።»

«ከገባህ ገብተሃል። መሽናት አለመሽናት የግልህ ነው።»

ከፈልኩ። ግን ያቺው ገንዘብ ተቀባይ ከኋላዬ ብቻውን የመጣ አንድ ሕፃን ትከሻውን ይዛ «ሰውህ የታለ?» ብላ ስታስቆመው አየሁ። አያቱ እያለከለኩ እስኪደርሱ አላሳለፈችውም። ለዚህማ አሥርም እከፍላለሁ።

ወደ ቢሾፍቱ ልመለስ። ጥብሱ በሸክላው ላይ እየተንጨረጨረ መጣ።

«አባዬ፣ መጣ» አለች ሚጣ።

«አዎ፣ መጣ። ያቃጥላል፣ ቆይ ላብርድልሽ።»

«አይ፣ መጣ!»

የመጣው ጥብሱ ብቻ አልነበረም። ባለቤቴን አየኋት፤ መሐላዋን አስታወሰችኝ። ሚጣን አንጠልጥዬ ሮጥኩ።

በሮቹ ጋ ስደርስ የማሙሽ ዓይነት ችግር ተገልብጦ ገጠመኝ። ሴቶቹ ጋ እኔ አልገባም፤ ወንዶቹ ጋ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፈው የሚሸኑ ሰዎች አሉ። ሁለት ዲ መሃል ተገትሬ ሳለሁ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ የሚመስሉ፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ፣ ዕጣን ዕጣን የሚሸቱ እናት ቆም አሉ።

«ምን ያስጨንቅሃል የኔ ጌታ? ስጠኝ፣ እኔ አሸናታለሁ።»

እንግዲህ አስቡት። እኚህን ሴት ካየኋቸው አራት ሴኮንድ አይሞላም። ሰው «ስልክህን ቻርጅ ላይ ልሰካልህ» ቢለኝ ስሙን፣ አገሩንና የተሰካበትን ሶኬት ሳላውቅ አልሰጥም። ልጄን ግን እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ፊት ዘርግቷት ነበር። ባልሰጣቸውስ ምን ይሉኛል? «ወይ ዘመን፣ እናቱን የማህል ሰው ጠረጠረኝ» ይሉኛል። ከቤት ስንወጣ ለብርዱም፣ ለምቹም፣ ለሰው ዓይንም የተዘጋጀ ነገር ነበረን። ለደግ ሰው ያዘጋጀነው ምንም አልነበረም።

ያዘጋጀችው ሚጣ ብቻ ነበረች። ባለቤቴ ለሁለት ወር ማታ ማታ ስታስጠናት የከረመችው አንድ ሕግ አለ፤ ሱሪዬን ከእማዬና ከአባዬ በቀር ማንም አያወልቅም የሚል። ሕጉ እስካሁን የተሻሻለው አንዴ ብቻ ነው፤ እናቴ አኩርፋ ስሟ እንዲካተት ተደረገ። ሚጣ የሴትየዋ እጅ ሲጠጋት በዚያ ቀጭን ድምጿ ሎጁን አናወጠችው።

«አትንኪኝ! ሱሪዬን ከእማዬና ከአባዬና ከአያዬ በቀር ማንም አያወልቅም!»

ፍቅረኞቹ ሳይቀሩ ከሐይቁ ላይ ዓይናቸውን ነቅለው ዞሩ። እኔስ ምን አልኩ? «ነውር ነው! እትዬን እንዲህ ይባላል? ይቅርታ በያቸው!» አልኳት። ሁለት ወር ያጠናችውን መቶ ከመቶ መለሰች፤ አባቷ ቀይ እስክሪብቶ አንስቶ ሰረዘባት። ሚጣ እንዴት እንዳየችኝ አልነግራችሁም።

ሴትየዋ ከኔ ተሻሉ።

«ምን ታስለቅሳታለህ? እውነቷን እኮ ነው፣ የት ታውቀኛለች? በል አንተው አስገባት። በሩን እኔ እይዘዋለሁ።»

ከዚያ ወንዶቹ በር ላይ ቆሙና ውስጥ ያሉትን በአንድ «ጨርሱ!» አስወጧቸው። አንዱ ቀበቶውን እያሰረ ነበር የወጣው። የሚመጣውንም «ቆይ ልጄ፣ ሕፃን ገብታለች» እያሉ ይመልሳሉ። እስክንወጣ አራት ጎልማሶች እግራቸውን አጣምረው ተሰልፈው ነበር፤ አንድም የተከራከረ የለም። እንዲህ ያለ ጥበቃ ባንክም የለው።

ውስጥ ያለውን ባጭሩ ልናገር። መቀርቀሪያው ተነቅሎ የምስማሮቹ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ወለሉ ርጥብ ነው፤ ውሃ ይሁን ሌላ መጠየቅ አያስፈልግም። ጥግ ላይ በርሜል አለ፣ ላዩ ላይ እጀታው የተሰበረ ጆግ ይንሳፈፋል። ጉድጓዱ ደግሞ የሚጣን እግር እስከ ጉልበቷ የሚውጥ ነው። የሱሪዬን ጫፍ አጠፍኩ፣ በሩን በተረከዜ ደገፍኩ፣ ስልኬን በጥርሴ ነከስኩ፣ ሚጣን በሁለት እጄ ብብቷ ሥር ይዤ አንጠለጠልኳት።

«ምንም እንዳትነኪ።»

«ይሄንንስ?» አለች፣ ከነካችው በኋላ።

ልክ ልትጀምር ስትል መብራት ጠፋ። መስኮት የለውም፤ ድቅድቅ አለ።

«አባዬ፣ አለህ?»

በሁለት እጄ ይዣታለሁ እኮ። ግን ገባኝ። እኛ ያደግነው ለስድስት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ባለው የቀበሌ ግቢ ነው። ማታ ብቻውን የሚሄድ ልጅ አልነበረም፤ ሰይጣን አለ ይሉን ነበር። «ሸኘኝ» ይባላል፣ ታላቅ ወንድም እያጉረመረመ ባትሪ ይዞ ይወጣል። እሱ ውጭ ይቆማል፣ እኔ ውስጥ ሆኜ «አለህ?» እላለሁ፤ «አለሁ» ይላል። «አለህ?» «አለሁ።» ወንድሜ በተንኮል ርቆ ድምፁ ከቤታችን ደጃፍ የሚመጣበት ጊዜም ነበር፤ ያኔ ሱሪዬን በእጄ ይዤ ነበር የምሮጠው።

«አለሁ» አልኳት፣ ስልኬን ነክሼ እንደሚቻለኝ።

ሽንቷ መጣ።

«አለህ?»

«አለሁ።»

«አሁንም አለህ?»

«እኔም አለሁ» አለ ከጎናችን ካለው ክፍል አንድ ወፍራም ድምፅ። ቅድም ማሙሽን «ቀጥል» ያለው አባወራ ነው፤ ለካ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እዚያው ነው። «የልጅቷ አባት፣ ይቅርታ፣ ሶፍት ካላችሁ በሥር በኩል አቀብሉኝ።»

«አባዬ፣ እንዳትሰጠው» አለች ሚጣ በሹክሹክታ። «አናውቀውም።»

ይሉኝታ ያዘኝና ከነጥቅሉ በሥር አሳለፍኩለት።