ግራ እጄ ግራ አጋባኝ

የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሮ ጄሶ ውስጥ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሕመሙንስ ቻልኩት። ያልቻልኩት «ግራህ አለ አይደል?» የሚለኝን ሰው ነው።

አለ። ግን ምን ያውቃል? ዛሬ ጠዋት ጥርሴን ልቦርሽ ብል ብሩሹ ቀጥታ ድዴን ወጋኝ። ይባስ ብሎ፣ እጄ ዝም ብሎ ቆሞ ጭንቅላቴን ነው የማወዛውዘው! የጃኬት ዚፕማ ባይነሳ ይሻላል። ጫፉን በሆዴና በጠረጴዛው መሀል አጣብቄ ስታገል ቆየሁ፤ በመጨረሻ ሳልዘጋው ወጣሁ።

መቀስ ግን ሌላ ጉድ ነው። ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አብዛኛው መቀስ የሚሠራው ለቀኝ እጅ ነው። በቀኝ ስንይዘው አውራ ጣታችን ሳይታወቀን ሁለቱን ስለቶች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። በግራ ሲያዝ ያው ግፊት ያራርቃቸውና ወረቀቱ ሳይቆረጥ መሀላቸው ይታጠፋል። ግራኞች፣ ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻላችሁት? ይቅር በሉኝ፣ ስቄባችሁ አውቃለሁ።

ጽሑፌን ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። ፊርማዬን እኔው ራሴ አላውቀውም። በየቀኑ 10 ደቂቃ ያህል እንደ ሕፃን መስመርና ክብ እሞነጫጭራለሁ፤ ቀስ ስል ይሻላል፣ ስቸኩል ሁሉም ይበላሻል። ትናንት አንዲት «ሀ» ሰው የሚያነባት ሆና ወጣችልኝ። በደስታ ውሃ ልጠጣ ብርጭቆ ሳነሳ ደረቴ ላይ ደፋሁት።