ግልጽ ደብዳቤ ለሞተሬ የኋላ ስቶፕ መብራት

ቁጥር፦ የለውም
ቀን፦ ቦሎ ሊያልቅ ሰሞን

ለክቡር የኋላ ስቶፕ መብራት
ባሉበት (ካሉ)

ጉዳዩ፦ ለምርመራው ቀን ብቻ እንዲበሩልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ እንዴት ሰነበቱ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ የድሬዳዋ ሰዎች ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠን እንኳን ላብ በላብ ነን። እርስዎ ደግሞ ፓራፋንጎ ላይ እንደተሰኩ ቀኑን ሙሉ የድሬ ፀሐይ ሲያነድዎት ይውላል። ስለዚህ ቀይ የነበረው ሽፋንዎ ሮዝ ቢሆን አልፈርድበትም። ብቻ መርማሪው «ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ቢለኝ ምን ልበለው?

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ቦሎዬ፣ ማለትም የዓመታዊ ምርመራ ምልክቴ፣ ሊያልቅ ነው። ሊብሬው አለ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ገብቻለሁ፣ የፍሬን ሸራው ተቀይሯል፣ ሰንሰለቱ ተወጥሮ ዘይት ተቀብቷል፣ ጎማው ገና ጥርስ አለው። ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጣች አሮጊት ሞተር ናት፣ እንደ ዕድሜዋ ግን ደህና ናት፣ ካንዴላዋ ሳይቀር አዲስ ነው። ስፖኪዮም አይጠፋም። በሰፈራችን አንድ ጥንድ ደህና ስፖኪዮ አለ፣ የምርመራ ሰሞን እንደ እድር ድንኳን ከቤት ቤት ይዞራል፣ ወረፋዬ ደርሷል። የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

እርስዎ ግን ሰው ይመርጣሉ። ጋራዥ ይዤዎት ስሄድ ቦግ ይላሉ። ኤሌትሪሺያኑ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ቦግ። ይለቃል፣ ጥፍት። «አቦ ምን ሆነ ነው የምትለኝ? ይኸው ይሠራል!» ይለኛል። ላየበት ሒሳብ ይቀበላል። ከጋራዡ በር ወጥቼ የመጀመሪያውን ኮብልስቶን ስረግጥ የሉም።

ቤት ውስጥም ሌላ ችግር አለብኝ። ፍሬን እየያዝኩ ወደ ኋላ ዞሬ እርስዎን ማየት አልችልም። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ከኋላ አቆማለሁ። «በራ?» እለዋለሁ። «በራ!» ይለኛል። ገና ፍሬኑን ሳልይዝ! ከረሜላው እንዳይቀርበት ነው። እናቱ ከበረንዳ ሆና «ጠፍቷል፣ ጠፍቷል» ትላለች፣ እሱ «በራ» ይላል፣ እኔ መሀል ላይ ፔዳል እረግጣለሁ።

የክቡርነትዎን ጓዳ ዘንድሮ በደንብ አወቅሁት። አንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር ይዘው ነው የሚኖሩት። ባለ 12 ቮልት ነዎት፣ አንዱ ክር 5 ዋት ነው፣ ለማታ። ሌላው 21 ዋት ነው፣ ፍሬን ሲያዝ። ሁለቱ እንዳይምታቱ ደግሞ አምፖሉ እግር ላይ ያሉት ጉጦች አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብለው ነው የተሠሩት፣ በአንድ በኩል ብቻ እንዲገባ። ይህን ያሰበ ሰው ነፍሱን ይማረው። የጋራዡን ልጅ ግን አላሰበውም። «ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ይገባል» አለና ገፋ አደረገዎት። ገቡ። ከዚያ ወዲህ ማታ ስሄድ ቦግ ብለው ይበራሉ፣ ፍሬን ስይዝ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ ከኋላዬ ያለው ባለባጃጅ መቆሜን የሚያውቀው ሲደርስብኝ ነው። ሙሉውን ሌሊት በ21 ዋት ሲነዱ ሽፋንዎም ከውስጥ መቅለጥ ጀመረ። ሮዝ መሆኑ አልበቃውም።

አምፖሉ ተስተካከለ። እርስዎ ግን አኮረፉ። ከፔዳሉ ወደ ስዊቹ የምትሄድ ቀጭን ሞላ አለች፣ እግሬ ሲረግጥ ስዊቹን የምትስበው እሷ ናት። የደቻቱን ወንዝ ስንሻገር በበጋ አሸዋ፣ ደራሽ ጎርፍ ከመጣ በኋላ ጭቃ ትበላለች። ተላላለች፣ ስለዚህ ፔዳሉን እስከ መሬት ካልረገጥኩ አትስብም። እሷን ቀየርኩ። ቀጥሎ የኔጋቲቩ ሽቦ ሻንሲው ላይ የታሰረበት ቡሎን ዝጓል ተባለ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ቀጥሎ ባትሪው ነው ተባለ። እውነት ነው፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ የባትሪ ውሃ ከእኛ ላብ ቀድሞ ይተናል። ሞላሁት። አሁን ሰበብዎን ሁሉ ጨርሰዋል፣ ወይም እኔ እንደዚያ ነው የማስበው።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ በዚህ እንኳን አልቀልድም። ከሐረር ስመለስ የደንገጎን ቁልቁለት ስወርድ ከኋላዬ የአወዳይ ጫት የጫነ አይሱዙ አለ። ጫት ይጠወልጋል፣ ስለዚህ ሹፌሩ ለማንም አይቆምም። ኩርባው ላይ ፍሬን ስይዝ ለእሱ የሚነግርልኝ ሌላ ሰው የለኝም፣ እርስዎ ብቻ ነዎት። በዚያች ሰዓት «ዛሬ ደስ አላለኝም» ብለው ከቀሩ ደብዳቤ የሚጽፍልዎት ሰው አይኖርም።

መቼም ሕግ ያውቃሉ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል። አዋጁ «መብራቱ ደስ ካለው» አይልም። መርማሪው ከኋላ ይቆማል፣ «ፍሬን ያዝ» ይላል፣ እይዛለሁ፣ ያያል። ይኸው ነው ሥራው። የእርስዎም ሥራ ይኸው ነው። ዓመቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ላሳዩት ትጋት ምስጋናዬ የላቀ ነው፣ አሁን ደግሞ መርማሪው ፊት አንዴ ቦግ ቢሉልኝ ምን ነበረበት? አቦ፣ አንዴ ብቻ! እንደገና «ያዝ» ካለም ሁለቴ።

እምቢ ካሉ ግን የጎረቤቱን ልጅ ይዤው እሄዳለሁ። ከመርማሪው ጎን አቆመዋለሁ። ቢያንስ «በራ» የሚል አንድ ሰው ይኖረኛል።

ከሰላምታ ጋር
የሞተሯ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለግራ ፍሬቻ፦ ሰሞኑን ጥቅሻዎ ስለበዛ ተራዎ እየደረሰ መሆኑን እንዲያውቁት
ለክላክስ፦ ጠዋት ጠዋት የሚዘጋው ድምፅዎ እስከ ምርመራው ቀን እንዲከፈት
ለአይሱዙው ሹፌር፦ ለመረጃ ያህል፣ ርቀትዎን ጠብቀው እንዲነዱ