እንግዳችሁን ወደ ቢሾፍቱ አታሽሹት

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ቪዲዮ አለ። ለቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ የሚመጣ ጓደኛ ላለው ሰው የሚሰጥ ምክር ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ፓርክ አሳዩት፣ ፎቶ አንሱት፣ ምሳ ቦሌ ጋብዙት ይላል። ከዚያ ከተማዋ አለቀች፤ ይዛችሁት ወደ ቢሾፍቱ ውጡ። ታሪክ የፈለገ ላሊበላ ወይም ጎንደር ይሂድ፤ አዲስ አበባ የትናንት ከተማ ናት፣ ከካፌና ከፎቅ በቀር የምታሳየው የላትም ይላል ተናጋሪው።

አንድ ሰው ያለውን ቢል ምንም አልነበረም። የከፋው ነገር እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ራሳቸው እየተስማሙ መላላካቸው ነው። እኔ ግን አልስማማም።

የትናንት ከተማ ናት ከሚለው ልጀምር፣ ከሁሉም የባሰው እሱ ነውና። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ከአክሱም ጋር ሲያስተያዩዋት ልጅ ናት፣ ይሁን። ግን የከተማ ታሪክ በዕድሜ ብቻ የሚለካው ከመቼ ወዲህ ነው? የፋሺስት ጦር እዚች ከተማ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚሁ፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ነው። ዘውዱ የወደቀው እዚህ ነው። ደርግም የወደቀው እዚህ ነው። በአንድ ሰው አያትና ቅድመ አያት ዕድሜ ውስጥ ይህን ሁሉ ያየች ከተማ ለእንግዳ የምትነግረው አጣች ማለት ያሳፍራል።

ደግሞስ ይህን ለማየት ስንት ቀን ይፈጃል? አንድ መንገድ ብቻ ልጥቀስ። ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ። ሳይቆሙ ለሚሄድ ሰው ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ቁልቁለት። እየቆሙ፣ እየገቡና እየወጡ ለሚሄድ ግን ሙሉ ቅዳሜ አይበቃውም። ይህን መንገድ በእግሩ ሄዶ አዲስ አበባ ባዶ ናት የሚል እንግዳ የለም። አይኖርምም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስድስት ኪሎ ተገናኙ። አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት ቆሟል። በየቀኑ በታክሲ እየዞርነው እናልፋለን። ውረዱና ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ከጓደኛችሁ ጋር ዙራችሁ እዩት። የወደቁ ሰዎች፣ የሚያለቅሱ እናቶች። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የጣሊያኑ ገዢ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝብ በተሰበሰበበት ዕለት ነው። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማዋ ታረደች፤ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። ኢትዮጵያ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው፤ ከዚያ ዝቅ የሚያደርጉ የታሪክ ጸሐፊዎችም አሉ። ቦምቡ የተወረወረበት ቦታ ከሐውልቱ ርቆ አይደለም። መንገዱን ተሻግራችሁ የዩኒቨርሲቲውን በር ስታልፉ ከፊታችሁ ታገኙታላችሁ። መታወቂያ ብቻ ያዙ፣ በር ላይ ይጠየቃል።

ያ ቤት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። አንድ ቤት ብቻ አሳዩኝ የሚል እንግዳ ቢመጣብኝ እዚህ እወስደዋለሁ። ግራዚያኒ የቆሰለው እዚህ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና የወንድሙ የግርማሜ ግልበጣ ሲከሽፍ እነ ራስ አበበ አረጋይና እነ ራስ ሥዩም መንገሻ የተረሸኑት እዚሁ ቤት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ፎቅ ላይ መኝታ ቤታቸው እስከ ዛሬ አለ። መስታወቱ ላይ የዚያ ግልበጣ ጥይት የበሳው ቀዳዳ ይታያል።

ስትወጡ ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለውን ደረጃ እዩት። ወደ ላይ ይወጣል፣ የትም አያደርስም። ጣሊያኖች ያቆሙት ነው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ላለፈ አንድ ዓመት የተሠራ ነው። ገና ብዙ ዓመት እንገዛለን ብለው ነበር የጀመሩት። ከድል በኋላ ደረጃው አልፈረሰም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፣ አበቃ። በዓለም ላይ ለወራሪ የተሰጠ ከዚህ የተሻለ መልስ አለ ብዬ አላምንም። ይህ የሚታይ ነገር ካልሆነ የሚታይ ነገር ምን እንደሆነ ይነገረኝ።

ትንሽ ቁልቁል ስትወርዱ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ድንቅነሽ እዚያ ናት። በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ለሕዝብ የሚታየው ብዙ ጊዜ ቅጂው ነው፤ ትክክለኛው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። ቅጂ ከሆነ ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ ብሎ የሚመለስ ሰው አይገባኝም። ቁመቷን ከራስህ ቁመት ጋር አስተያይተህ ዝም ብለህ የምትቆምበት ቦታ ነው። ጓደኛችሁ የመጣው ከሰመራ ከሆነ ደግሞ የሀገሩን ልጅ ሳያይ እንዴት ይመለሳል?

አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27 ሐውልት አለ። ከእሱ ጥቂት ርቀት ላይ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር ከካቴድራሉ ውስጥ ነው። ውጪ ግቢው ውስጥ አንዲት እንግሊዛዊት ተቀብራለች፣ ሲልቪያ ፓንክረስት። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ ጮኻ፣ ጽፋ፣ በመጨረሻ ኑሮዋንም እዚሁ አድርጋ የሞተች ሴት ናት። ከአርበኞች ጋር አንድ ግቢ ውስጥ አርፋለች። ከውጭ ሀገር የመጣ ጓደኛ ካላችሁ እዚህ መቃብር ፊት የምታወሩት ጨዋታ አንድ ሙሉ የሐይቅ ዳር ከሰዓትን ያስረሳል።

ከዚያ የራስ መኮንን ድልድይን ተሻግራችሁ ፒያሳ። እዚህ ላይ ፒያሳ ፈረሰ እኮ የሚል ይመጣል። አዎ፣ ብዙው ፈርሷል። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አብሮ የሄደውን ጉርብትና ማንም አይመልሰውም። እኔ እስከ ዛሬ ያመኛል። ግን ጊዮርጊስ አለ። ንግሥት ዘውዲቱም፣ በኋላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት ቤተ ክርስቲያን ነው። የምኒልክ ሐውልት አለ። በ1923 በዘውዱ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፣ ጣሊያን ነቅሎ ቀበረው፣ ከድል በኋላ ሕዝቡ መልሶ ተከለው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው አጠገቡ አለ። የፈረሰው ሰፈር የት እንደነበረ በጣታችሁ እያመለከታችሁ ንገሩት። እንዲያውም ፒያሳን አሁን ነው ማሳየት። የሚያስታውሰው ሰው ሲያልቅ ማን ሊነግረው ነው?

አንድ ነገር እቀበላለሁ። የኮሪደር ልማቱ ለእግረኛ የሚሆን መንገድ ሰጥቷል፤ አራት ኪሎና ፒያሳ መሐል እንደ ልብ ይሄዳል። ስለዚህ መንገዱ አይመችም የሚለው ሰበብ ከእንግዲህ አይሠራም። ፓርኮቹንም አልጠላም። አንድነት ፓርክ ሲከፈት፣ እንጦጦ ሲከፈት ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ግን አበባና ፏፏቴ የትም ከተማ ይሠራል። ያ የአንበሳ ደረጃ የትም የለም።

እንግዳው መዝናናት ነው የሚፈልገው የሚሉም አሉ። ጓደኛችሁ ከደሴ መጣ እንበል። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ነው ዓርብ ማታ የደረሰው። ቅዳሜ ከሰዓት እንደገና መኪና ውስጥ ትከቱታላችሁ። እሑድ ማታ ስትመለሱ ቃሊቲ ላይ ከሲኖትራክ ኋላ ተሰልፋችሁ ትቆማላችሁ። ሰኞ ደግሞ እንደገና ወደ ደሴ። ይሄ ነው መዝናናት? ለሐይቅ ከሆነ ሐይቅ ለደሴ ሰው ብርቁ አይደለም፣ ጎረቤቱ ነው። እናንተን ሊያይ፣ የምትኖሩበትን ሊያይ ነው የመጣው። ካመጣችሁት በኋላ ከከተማችሁ ማሸሽ ምን የሚሉት እንግዳ ተቀባይነት ነው?

መርካቶን ከፈለገ ቅዳሜ ይሂድ፣ እሑድ አብዛኛው ዝግ ነው። እሑድ መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ለዕረፍት ቀን ይከብዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይከብዳል። የሟቾቹ ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶታል። ግን በዚህ ከተማ ውስጥ ያን ፎቶ አይቶ አጎቴን ይመስላል የማይል ቤተሰብ ጥቂት ነው። ጓደኛ ማለት አብሮ የሚስቅ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ ወደ ቢሾፍቱ የሚያስሮጠን ምክንያት ሌላ ነው። እንግዳው ይሄ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ የምንመልሰው የለንም። ሐውልት ነው እንላለን። የማን? እ… የድሮ ነው። ከዚህ ጥያቄ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ይቀላል፤ ሐይቁ ማን ሠራህ ተብሎ አይጠየቅም። አለማወቁ ግን በአንድ ምሽት ንባብ የሚጠገን ነው። ሙዚየሞቹ ውስጥ ደግሞ አስጎብኚ አለ፣ ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም።

የከተማው አስተዳደርም ድርሻ አለው። ወንበር ተቀምጧል፣ መብራት ተተክሏል፣ ሣር በቅሏል። አንድ ሰው ከስድስት ኪሎ ተነስቶ ፒያሳ እስኪደርስ ግን ያለፈበትን የሚነግረው በቂ ጽሑፍ የለም። ከየካቲት 12 ሐውልት እስከ ምኒልክ ሐውልት፣ በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ቆም ብሎ የሚነበብ ሰሌዳ በየቦታው ይተከል። ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ ለዚያ ሁሉ የመብራት ምሰሶ ተገኝቷል። ከምሰሶው አጠገብ አንድ ትንሽ ጉድጓድ መቆፈር ነው የቀረው።